እሳት ያለበት ምድጃ አይጎተትም

ዊሎ ቤንድ፣ ቴክሳስ
ሰኞ፣ ጁን 22 ቀን 1998

ለምወድህና ላኮረፍከኝ ባሌ፣ ለአልቬስተር፣

እንደምን ከርመሃል? የኦክላንድ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? እህትህ ክላሪስ ጨው የሌለው ሾርባ ስታበላህ ከርማ ከስተሃል ብለውኛል። እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፤ ይሄን የምነግርህ ደስ እንዲልህ ብቻ ሳይሆን ትንሽ እንዲቆጭህም ነው።

ልብህ እንዳይንጠለጠል ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። የጭስ ስጋ ምድጃህን አልሰጠሁም። የወንድምህ ልጅ ሮድኒ አንተ በላክኸው መሠረት አርብ ጠዋት ሊጎትተው መጥቶ ነበር፤ ሲመሽ ባዶ መኪናውን እየነዳ ወደ ሂዩስተን ተመለሰ። ሆዱ ግን ባዶ አልነበረም። ምድጃው አሁንም ጓሯችን ውስጥ፣ አንተው ያቆምክበት ቦታ ላይ ቆሟል። ለዚያ ሂዩስተን ላለው ሰውዬ እሸጥልሃለሁ ብለህ ቃል ሰጥተህ ከሆነ ቃልህን አንተው ብላው።

"የኔ ንብረት ነው፣ ሠላሳ ዓመት የለፋሁበት ነው" ብለሃል አሉ። እሺ፣ ያንተ ነው። ያንን የተጣለ የጋዝ ታንከር ከቁራሌው ግቢ ጎትተህ ያመጣኸው አንተ ነህ፤ ለሁለት ሰንጥቀህ ክዳን ያወጣህለት፣ ጎንና ጎኑን የበየድከው፣ ጎማ የገጠምክለት አንተ ነህ። ግን ፍርግርጉን በየሳምንቱ ስትፈገፍግ የኖረችው ማን ናት? ጮማውን የምትከረክመው፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬውን የምታሸው፣ አመዱን የምትጠርገው ማን ነበረች? ክላሪስ ናት? ያንተ ነው ስትል ድምፅህ ትንሽ ዝቅ ይበል ለማለት ነው።

ደግሞ ሞኝ አይደለሁም። ሰው ልብሱን ትቶ ሲሄድ ይመለሳል ይባላል፤ ዕቃውን ማስመጣት ሲጀምር ግን በቃኝ ማለቱ ነው። ባለፈው የላክኸውን ያንን የደረቀ ፖስታ ካርድ አልቆጥረውም። ምድጃው ከዚህ ጓሮ ከወጣ ግን አንተ ወደዚህ ቤት የምትመለስበት አንድም ምክንያት አይኖርህም። ይሄን ሐሙስ ማታ ሮድኒ ደውሎ "አክስቴ፣ ነገ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ፣ አጎቴ ቬስ ልኮኝ ነው" ሲለኝ ነው የገባኝ። ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ተነሣሁና ጭራሮ ልሰበስብ ወጣሁ።

አሁን ያለፈውን ዓመት ጁንቲንዝ፣ ያንን የነጻነት በዓላችንን አነሣለሁ። መቆጣት ካማረህ ተቆጣ።

ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሞልቶ ነበር። ልጆቹ ቀይ ለስላሳቸውን ይዘው ይሯሯጣሉ፣ ሽማግሌዎቹ ዶሚኖውን ጠረጴዛው ላይ ያጋጩታል፣ አንተ ነጭ ባርኔጣህን ደፍተህ ፍሪምባውን ትቆርጣለህ። ዲያቆን ፌልደር የመጀመሪያውን ቁራጭ ጎረሰ። አኘከ። ቀስ ብሎ ስጎውን አነሣና አፈሰሰበት። ከኋላው ያለውም አፈሰሰበት። ከዚያም ኋላ ያለው። "ስጎ ለታመመ ስጋ ነው" እያልክ ጠርሙሱን ከጠረጴዛህ ስታባርር የኖርክ ሰውዬ ፊት ሰው ስጎ እያጠለቀ ይበላ ጀመር። ጎረቤታችን ኢሞጂንማ ጠርሙሱ ሲያልቅ ሌላ ልታመጣ ወደ ቤቷ ሮጠች። ሁሉም "ቬስ፣ ግሩም ነው! እጅህ ይባረክ!" ይልሃል፤ ዞር ሲል ይጠቃቀሳል። አንተ ደግሞ ጥርስህ እስኪታይ ትስቃለህ።

እኔም ቀመስኩት። እሬት እሬት ይል ነበር።

እና ተናገርኩ። "ቬስ፣ ስጋው መራራ ነው፣ መቁረጡን ተው" አልኩህ። በሰው ፊት አልኩህ። ቀስ ብዬ በጆሮህ ብነግርህ ይሻል ነበር ያለችኝ ኢሞጂን ናት፤ እሷ ምን ታውቃለች! ያ ሁሉ ሰው ከጀርባህ ሲስቅብህ ቆሜ ከማይ አንተ ፊት ለፊት ብትጮህብኝ ይሻለኛል። ዛሬም ቢሆን ያንኑ ነው የምለው። አንተ ግን ሹካውን ወርውረህ ሄድክ፤ ሳምንት ሳይሞላ ሻንጣህን ይዘህ እህትህ ጋ ገባህ፤ ይኸው ዓመት ሙሉ ድምፅህን ነፈግከኝ። ለሮድኒ ትደውላለህ፣ ለዲያቆኑ ትደውላለህ፤ ሚስትህ ግን ስልክ የላትም መሰለህ።

የመጀመሪያውን ወር አለቀስኩ። ከዚያ ሰለቸኝ። ምድጃው በኩሽናው መስኮት ያፈጥብኛል፤ እኔም አፈጥበታለሁ። አንድ ቅዳሜ "ምን ይመጣል?" አልኩና ከሥጋ ቤት ፍሪምባ አምጥቼ እሳት አነደድኩ። አትሳቅ። የመጀመሪያውን ለኢሞጂን ውሻ ሰጠሁት። አሸተተው፣ አየኝ፣ ትቶት ሄደ። ኢሞጂን አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ "አንቺ ላቫዳ፣ ቬስ ትቶት የሄደውን ጫማ ነው እንዴ የጠበስሽው?" አለችኝ። ደም ሥሬ ተገተረ። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና አነደድኩ። በሚቀጥለውም።

ሁለተኛው ያኮረፈብኝ ነው። ታውቀዋለህ አይደል፣ ፍሪምባ ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ የሚያመጣውን አመል? በማለዳ ደህና ሲሞቅ ይቆይና እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ይላል። የሙቀት መለኪያው ቀስት ባለችበት ትቆማለች። አልሞቅም፣ አልበስልም፣ አትንኩኝ ይላል። እኔ ደነገጥኩ፤ እንጨት ጨመርኩ፣ እሳቱን አጋጋልኩት፤ ስጋው ከላይ ከሰል ከውስጥ ገመድ ሆኖ ወጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ከዚያ በኋላ ገባኝ፤ ያኮረፈ ስጋ ዝም ተብሎ ነው የሚተወው። እሳቱን ሳትጨምርም ሳትቀንስም እንዳለ ትይዛለህ፣ ክዳኑን አትከፍትም፣ ራሱ ሲበቃው ይመለሳል። አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባል የለ? ለማን እንደምናገር አንተ ታውቃለህ።

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ከረምኩ። በሜይ ወር የበዓሉ ኮሚቴ ሲሰበሰብ ዲያቆን ፌልደር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "እንግዲህ ወንድም ቬስ የለም፤ ዘንድሮ ስጋው ከከተማ ታዝዞ ይምጣ" አለ።

"ምን ሲደረግ!" አልኩ። "የጁንቲንዝ ስጋ በላስቲክ ታሽጎ ሊመጣ?"

"ታዲያ ማን ይሠራዋል?"

"እኔ።"

ሳቁ። ከልባቸው ሳቁ። ዲያቆኑ ያቺን የቀብር ላይ ድምፁን አወጣ፤ "እህት ላቫዳ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ፤ የድንች ሰላጣሽን የሚያህል በዚህ ቀበሌ የለም። እሳት ግን…"

"እሳት ግን ምን?"

"እሳት የወንድ ነገር ነው።"

"ሲኦልም እሳት ነው፣ ዲያቆን። እዚያም ወንድ ብቻ ነው የሚገባው?"

ሴቶቹ ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ። እሱ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። እንዲያ ሆኖ ነው ስጋው በእኔ ላይ የወደቀው። እንግዲህ አስበው፤ በሰው ሁሉ ፊት አፌን ከፍቼ፣ ዓመት ሙሉ እጄን አቃጥዬ፣ በዓሉ ነገ ሊሆን አንተ ምድጃውን ከእግሬ ሥር ልታስነጥቀኝ! አላወቅክም ነበር በለኝ፤ ላምንህ እሞክራለሁ።

አርብ ጎህ ሳይቀድ ተነሣሁ። ሮድኒ ከሂዩስተን ሲደርስ ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። ያን ቦርጩን አስቀድሞ በጓሮ በር ገባና ቆመ። የእሳቱ ሳጥን ይንጣጣል፣ ጭሱ በፒካኑ ዛፍ መሃል ይወጣል፣ እኔ ሽርጤን ታጥቄ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

"አክስቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ፍሪምባ ነው።"

"እሱንማ አየሁ። እኔ የመጣሁት እኮ ምድጃውን ልወስድ ነው።"

"ውሰደው። ማን ከለከለህ?"

የመኪናውን መጎተቻ አየ፣ ምድጃውን አየ፣ እኔን አየ። "እሳት አለበት።"

"አለበት።"

"ስጋም አለበት!"

"ስጋም አለበት። ጭሱን እያንቦለቦልክ በአውራ ጎዳናው ላይ ጎትተው። ፖሊስ ሲያስቆምህ 'የአጎቴ ሚስት ክፋት ነው' በለው።"

ጭንቅላቱን ሲያክ ቆየ። ምን ያድርግ? ያደገው አንተው ጋ ነው። ስጋ የተጫነበት ምድጃ አይነካም፣ አይገፋም፣ አይነቀነቅም ያልከው አንተ ነህ። በገዛ ወንድምህ ሠርግ ቀን፣ በሮድኒ አባት ሠርግ ማለቴ ነው፣ ሙሽራዋ በጭስ ታፍና ስታነጥስ ሰዎቹ "እባካችሁ ትንሽ ራቅ አድርጉት" ሲሉህ "ሙሽራዋን ራቅ አድርጓት" ያልክ ሰውዬ ነህ። ያንን ሕግ አንተ ያወጣኸው ለእኔ ብለህ አልነበረም፤ ግን አርብ ቀን ለእኔ ዋለ።

"አጎቴ ይገለኛል" አለ ሮድኒ።

"ኦክላንድ ሆኖ በምኑ ይገልሃል? ቁጭ በል። ብስኩት አለ።"

ሞተሩን አጠፋና ቁጭ አለ።

እኩለ ቀን ላይ ፍሪምባው አኮረፈ። ጠብቄው ነበር። ሮድኒ ግን በየደቂቃው እየተነሣ ቀስቷን ያያል። "አክስቴ፣ ቆመ እኮ! እንጨት ልጨምር? ሰው ማታ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል መምጣት ይጀምራል እኮ! አክስቴ!" እኔ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ። በውስጤ አልፈራሁም አልልህም። ግን ፊቴን አላሳየሁትም፤ እሱን ከአንተ ነው የተማርኩት።

በዚህ መሃል ዲያቆን ፌልደር "ሥራው እንዴት ነው ልበል ብዬ" እያለ ብቅ አለ። ሊሰልል ነው የመጣው። አካሄዱን አይቼ ገብቶኛል። ሰላም ሳይለኝ እጁን ወደ ክዳኑ ሲሰድ በእንጨት ማንኪያው አንጓውን መታሁት።

"ኧረ እህት ላቫዳ!"

"ክዳን የሚከፍት ራት የለውም።"

"ልይ ብዬ ነው እንጂ…"

"በዓይን የሚበስል ቢሆን ኖሮ እስካሁን አሳርረኸው ነበር። ሂድ፣ ወንበር አሰልፍ።"

ሮድኒ በብስኩቱ ታንቆ ሊሞት ነበር። ዲያቆኑ እጁን እያሻሸ ወጣ። አቤት ደስ ሲለኝ!

ቀጥሎ የሆነውን ግን እየሳቅኩ አልጽፈውም።

ሐሙስ የዘነበው ዝናብ በሸራው ሥር ሾልኮ ከታች ያሉትን እንጨቶች አርሷቸው ኖሯል። እኔ ሳላውቅ አንዱን እሳቱ ውስጥ ጨመርኩት። ጀርባዬን ሰጥቼ ጎመን እያጠብኩ ነበር። ድንገት አፍንጫዬን አንድ ነገር መታው፤ ያ የሚቆመጥጥ፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ የታፈነ እንጨት ሽታ። ዘወር ስል ጭሱ ወፍራም ነጭ ሆኗል። ሮጬ በመቆስቆሻው ግንዱን አውጥቼ ሣሩ ላይ ወረወርኩት። ደረቅ እንጨት ጨመርኩ፤ ትንሽ ቆይቶ ጭሱ እንደገና ስስ ሆነ፣ ጠራ። ስጋው ተረፈ።

ሮድኒ "ምን ሆነ?" አለኝ። እዚያው መቆስቆሻውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ያለፈው ዓመት ሁሉ ከፊቴ መጣ። አንተ ወደ ጭስ ማውጫው አታይም ነበር። "ጭስ የሚያይ ጀማሪ ነው፣ ያወቀ ያሸታል" እያልክ ሁልጊዜ ጀርባህን ሰጥተኸው ነው የምትቀመጠው። ሠላሳ ዓመት በአፍንጫህ ነው እሳት የያዝከው። ባለፈው ዓመትም ከበዓሉ በፊት ዘንቦ ነበር። እንጨቱ ታፍኖ ሲጨስ፣ ሦስት ቤት አልፎ ሲሸት፣ አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ባርኔጣህን ደፍተህ ለሚያልፈው ሰው ሰላምታ ትሰጥ ነበር። አንተ አልቬስተር ቶሊቨር፣ በመንገድ ማዶ የሚነደው እንጨት ሂኮሪ ይሁን ኦክ በሽታው የምትለይ!

ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ ገጠመልኝ። ከዚያ በዓል በፊት በነበረው ክረምት በጉንፋን ሳምንታት ተኝተህ የተነሣህ ጊዜ። የኮመጠጠውን ወተት ቡናህ ውስጥ ጨምረህ ግጥም አድርገህ የጠጣኸው። ባቄላው የኩሽናው ምድጃ ላይ ሲያር አጠገቡ ቁጭ ብለህ ጋዜጣ ስታነብ ያገኘሁህ። ራስህ የገዛህልኝን ሽቶ ተቀብቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ "ምነው ዛሬ ሽቶሽን ረሳሽው?" ያልከኝ። እኔ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር!

ተናደድኩ። ስማኝ፣ አላዘንኩልህም፤ ተናደድኩ። ቆሽቴ አረረ። አፍንጫህ እንደጠፋ እያወቅክ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት ልትቆም እንደሆነ እያወቅክ፣ ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈስክም! ለማን ልትነግር ነበር፣ ለፌልደር? አርባ ዓመት አንድ ትራስ ላይ ተኝተን፣ እግርህን አክሜህ፣ አንተም የእናቴን ሬሳ ከእኔ ጋር ተሸክመህ፣ "ላቫዳ፣ ማሽተት አቃተኝ" ማለት ሞት ሆነብህ? ከዚያ ይልቅ ቤትህን ጥለህ መሰደድ ቀለለህ? ወይ የወንድ ኩራት! በመቆስቆሻው ያንን እርጥብ ግንድ ሣሩ ላይ ስቀጠቅጠው ሮድኒ ያበድኩ መስሎት ብድግ አለ። "ጉንዳን ነው" አልኩት።

ለእሱም ለማንም አልተናገርኩም። አልናገርምም። ይሄን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ ቅደደው፤ ክላሪስ ኪስ እንደምትበረብር አውቃለሁ።

ከሰዓት በኋላ ፍሪምባው ኩርፊያው ለቀቀው፣ ቀስቷም ተነቃነቀች። በሰዓቱ ደረሰ። ሮድኒና የኢሞጂን ባል በብርድ ልብስ ጠቅልለው በሮድኒ መኪና ቤተ ክርስቲያን ድረስ አደረሱልኝ። ምድጃውን ሊጎትት የመጣው መኪና ስጋውን ጎተተ፤ ለዚህስ እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ።

ያንተን ቢላዋ ይዤ ጠረጴዛው ጋ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ተሰልፏል፣ ሁሉም እጄን ያያል። የመጀመሪያዋን ቁራጭ ስቆርጥ ቅርፊቱ ጠቆር ብሎ፣ ከሥሩ ያ ደህና ጭስ የሚተወው ቀይ መስመር ወጥቶ፣ ወዙ ሰሌዳው ላይ ወረደ። ለዲያቆን ፌልደር ሰጠሁት። ጎረሰ። አኘከ። እጁ ወደ ስጎው ሄደች። እኔ ዓይን ዓይኑን አየሁት። እጁ ተመለሰች። ከዚያ ሳህኑን ዘረጋ፤ "እህት ላቫዳ፣ ጨምሪልኝ" አለኝ።

"ለወንድ ይበቃል አይበቃም እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዲያቆን" አልኩት።

ኢሞጂን "ንገሪው! ንገሪው!" እያለች ታጨበጭባለች። ያ ነገረኛ ውሻዋም ከጠረጴዛው ሥር አልነቃነቅ አለ። ስጎው እስከ መጨረሻው ድረስ ክዳኑ እንደታሸገ ቀረ፤ ሮድኒን ጠይቀው፣ እሱ ውሸት አይችልበትም።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ከኋላ ያሉት፣ እኔን ያላዩኝ፣ የቀመሱት ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበር የሚጠይቁት፤ "ቬስ ተመለሰ እንዴ?" ይላሉ። አንዱ፣ ሌላው፣ ደግሞ ሌላው። "አልተመለሰም፣ እኔ ነኝ" እላለሁ። አፌ ደስ እያለው ይላል፤ ደረቴ ውስጥ ግን በተጠየቅኩ ቁጥር አንድ ነገር ወጋ ያደርገኝ ነበር። ዲያቆኑ ቀስ ብሎ መጥቶ፣ "እኔ የምለው፣ አምና ስጋው ምን ነክቶት ነው?" አለኝ። "እንጨቱ እርጥብ ነበር" አልኩት። "ዝናብ የማንንም ስጋ ያበላሻል" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ለሌሎቹም ሄዶ ነገራቸው። እንግዲህ አሁን በከተማው የሚወራው ይሄ ነው፤ ጥፋተኛው ዝናብ ነው። ከዚህ በላይ ጠበቃ ልቆምልህ አልችልም።

አሁን ስማኝ። ይቅርታ አልልህም፤ ስጋው መራራ ነበር። ና ብዬም አልለምንህም፤ የቤቱን በር ታውቀዋለህ። ምድጃውን ከፈለግከው ግን ራስህ መጥተህ ውሰደው። ሮድኒንም ሌላውንም አትላክ፤ በመጡ ቁጥር እሳት አንድጄ እጠብቃቸዋለሁ፣ እንጨት አላጣም። ራስህ ስትመጣ ያኔ እንነጋገራለን። እሳቱን አንተ ያዝ፤ እጅህ ደህና ነው፣ ዓይንህ ደህና ነው፣ ትዕግሥትህም ለስጋ ሲሆን ደህና ነው። እኔ አሸታለሁ። ጭሱ ሲበላሽ በእግሬ ነካ አደርግሃለሁ፣ አንተ ግንዱን ታወጣለህ፤ ማንም ምንም አያውቅም። ሰው "ቬስ እንደ ድሮው ነው" ይበል፣ እኔን ምን ቸገረኝ! ቢላዋውን ግን አልመልስልህም። ከእንግዲህ የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ይሄ አያከራክርም።

አርብ ማታ ሰው ሁሉ ሲበላ ኢሞጂን፣ "አንቺስ? አንዲት ቁራጭ እንኳ ሳህንሽ ላይ የለም" አለችኝ። "ስሠራ ጠገብኩ" አልኳት። አልጠገብኩም። ቤት ገብቼ እንቁላል ጠብሼ በላሁ። እኔ እኮ፣ አልቬስተር፣ የጭስ ስጋ ወድጄ አላውቅም። አንድም ቀን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይኔ በጭስ እየተቃጠለ እዚያ ጓሮ ከጎንህ የተቀመጥኩት ስጋ ፈልጌ አልነበረም።

እግዚአብሔር ጤናህን ይጠብቅልህ። መንገድ ከጀመርክም መንገድህን ያቅናልህ።

ዛሬም ሚስትህ የሆነችው፣
ላቫዳ